«ምርመራው ነጻ ነሽ ብሏታል፤ መድኃኒቱ ለምን?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። የ19 ዓመት የእኅቴ ልጅ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ሐይቁ ዳር ካለ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ናት። ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከሥራ ስትወጣ የምታውቀው ደንበኛ «ላድርስሽ» ብሎ በመኪና ወስዶ ደፈራት። እሑድ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ደሟን ለኤችአይቪ አይተው «ነጻ ነሽ» አሏት፤ ሌላ ሕክምና ስጠይቅ «መጀመሪያ ከፖሊስ ወረቀት አምጪ» አሉኝ። ሰውየው ባለትዳር ነው፣ ሲያዩትም ጤነኛ ነው። ዛሬ ሰኞ ጠዋት ጎረቤቴ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ መድኃኒት አለ አለችኝ። ነጻ ከሆነች ለምን ትወስዳለች? ጨጓራም አለባት። እናቷ ዘጌ ናት፤ ከሰማች ጸበል ይዣት እገባለሁ ማለቷ አይቀርም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ትውሰድ። ዛሬ፣ አሁኑኑ ትጀምር። ከቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ሲቆጠር 72ኛው ሰዓት ነገ ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ላይ ይሞላል። እንግዲያው እስከ ነገ ጊዜ አለን እንዳይሉ፤ 72 የመጨረሻው ወሰን ነው እንጂ የተፈቀደ መዘግየት አይደለም። ልጅቷን ይዘው ይውጡ፣ የቀረውን ወረፋ ላይ ሆነው ያነቡታል።

የት ይሂዱ? ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል። ወደዚያ መሄድ የማይመች ከሆነ ወይም መንገድ ከተዘጋ፣ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና የሚሰጥ በአቅራቢያዎ ያለ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ይግቡ። መድኃኒቱ እዚያም ያው ነው፤ በመንግሥት ተቋም ክፍያ የለውም። ካርድ ክፍል ሰው በተሰበሰበበት ታሪኩን መዘርዘር አይጠበቅባችሁም። «ፔፕ ልትጀምር ነው የመጣነው፣ ለብቻችን የሚያነጋግረን ሰው እንፈልጋለን» ካሉ ይበቃል። ፔፕ ማለት ለኤችአይቪ ከተጋለጡ በኋላ እንዳይዝ የሚወሰደው መከላከያ መድኃኒት ነው፤ ስሙን ባለሙያው ሁሉ ያውቀዋል። ሆስፒታል ከሆነ የፆታ ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች የሚታዩበት ክፍል የት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከደረሳችሁ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። እሑድ የተሠራው ምርመራ ውሸት አይደለም፤ የመለሰው ግን እናንተ ያልጠየቃችሁትን ነው። ፈጣን ምርመራው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው የሚፈልገው። እነዚህ እስኪታዩ ሳምንታት ያልፋሉ። ስለዚህ እሑድ ዕለት «ነጻ» የተባለው ከሳምንታት በፊት ቫይረሱ እንዳልያዛት ነው። ቅዳሜ ማታ ስለሆነው ምንም አልተናገረም፣ ሊናገርም አይችልም። እንዲያውም ያ ውጤት መድኃኒቱን ለመጀመር ዋና ምክንያት ነው፤ ፔፕ የሚሰጠው ነጻ ለሆነ ሰው ነውና። ቀድሞ ቫይረሱ ያለበት ሰው የሚያስፈልገው የ28 ቀን መከላከያ ሳይሆን የዕድሜ ልክ ሕክምና ነው። «ነጻ ነሽ፣ ሂጂ» የሚለው አባባል በሥራዬ ከሚያናድዱኝ ነገሮች አንዱ ነው። ያን ሰምቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ለሦስተኛው ቀን እፎይ ብሎ ይተኛል፣ በሩም የሚዘጋው ያኔ ነው።

ለምን 72 ሰዓት? ለምንስ 28 ቀን? ቫይረሱ በብልት ውስጠኛ ሽፋን ሲገባ ወዲያው ደም ውስጥ አይሰራጭም። መጀመሪያ በገባበት ቦታ ያሉ ጥቂት ሕዋሳትን ይይዛል፣ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ በአቅራቢያው ወዳሉ ንፍፊቶች ይሻገራል፣ ከዚያ ወዲያ ነው ደም የሚያጥለቀልቀው። አንዴ የራሱን ዘረ መል ከሕዋሱ ዘረ መል ጋር ካዋሃደ ደግሞ ዛሬ በእጃችን ያለ መድኃኒት ነቅሎ አያወጣውም። የጣና ዳር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ እምቦጭ በአንድ ጥግ ብቅ ሲል በእጅ ይነቀላል፣ ሐይቁን ከወረረ በኋላ ግን ሺህ ሰው ወጥቶም አይጨርሰውም።

የሚሰጣት ክኒን አንድ ሲሆን ሦስት መድኃኒት በውስጡ ይዟል። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ቫይረሱ ራሱን እንዳይገለብጥ ያግዱታል፣ ዶሉቴግራቪር ከሕዋሱ ዘረ መል ጋር እንዳይዋሃድ ይከለክለዋል። በቴኖፎቪር ብቻ በዝንጀሮዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ነበር። የኤችአይቪ ዘመድ ለሆነው የዝንጀሮ ቫይረስ ከተጋለጡ በ24 ሰዓት ውስጥ ጀምረው 28 ቀን የወሰዱት ሁሉም ተረፉ። 48 እና 72 ሰዓት ላይ የጀመሩት፣ እንዲሁም በጊዜ ጀምረው 10 ቀን ብቻ የወሰዱት፣ ከፊሎቹ ተያዙ። 3 ቀን ብቻ የወሰዱት አልተረፉም። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሮች ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው፤ በጊዜ መጀመር ብቻውን አይበቃም፣ መጨረስም ያስፈልጋል። በሰው በኩል ደግሞ በሥራ ላይ በመርፌ የተወጉ የጤና ባለሙያዎችን ያጠናና በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዚዶቩዲን የተባለው አንድ መድኃኒት ብቻ የመያዝ ዕድልን በ81 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ዛሬ የሚሰጠው ባለሦስቱ ከዚያ የተሻለ ነው። መቶ በመቶ ነው ብዬ ግን አልነግርዎትም።

ሰውየው ባለትዳር ነው፣ ጤነኛ ይመስላል ብለዋል። ቫይረሱ ያለበት ሰው ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ መኖር ይችላል፤ ቀለበትም አይከላከልም። «እሱን እናስመርምርና እንወስን» የሚል ዘመድ ከመጣም አይስሙት። እሱን ፈልጎ ለማስመርመር የሚሄደው ጊዜ የልጅቷ ጊዜ ነው፣ ተመርምሮ ነጻ ቢባልም እሱ ራሱ በቅርብ ተይዞ ሊሆን ይችላል።

የሚያረጋጋዎትንም ልንገርዎት፣ ሌሊቱን ሙሉ አልቅሳችሁ እንዳደራችሁ እገምታለሁና። ቫይረሱ ካለበት ወንድ ጋር በሴት ብልት በኩል በሚደረግ አንድ ግንኙነት ሴቷ የምትያዝበት ዕድል በግምት ከ10,000 ውስጥ 8 ነው። በፊንጢጣ በኩል ሲሆን ከ10,000 ወደ 138 ይደርሳል። እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት ግን ሁለቱም ወደውና ፈቅደው ከሚያደርጉት ግንኙነት ነው። ጉልበት ባለበት ቦታ መቆሰልና መሰንጠቅ አለ፣ ቁስል ደግሞ ለቫይረሱ በር ይከፍታል፤ ደፋሪዎቹ ከአንድ በላይ ከሆኑም አደጋው ይጨምራል። የ2016 እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ኢትዮጵያውያን ቫይረሱ ያለባቸውን 0.9 በመቶ አድርጎታል፤ በከተማ ከገጠር ይበልጣል። እንግዲህ ልጅቷ አልቆላታል ማለት አይደለም፤ ያለመያዟ ዕድል ከመያዟ በብዙ ይበልጣል። ቢሆንም ለ28 ቀን ክኒን ሲባል በዕድል ላይ የሚያስቀምጣት አይኑር።

የፖሊስ ወረቀቱ ነገር። ሕክምና የፖሊስ ደብዳቤ አይጠብቅም። ሁለቱን ነገር አይቀላቅሏቸው፤ ፖሊስና ፍርድ ቤት የሚፈልጉት የሕክምና ማስረጃ አንድ ነገር ነው፣ መከላከያ መድኃኒቱ ሌላ ነገር ነው። ማስረጃው ነገም ሊጻፍ ይችላል፣ መድኃኒቱ ግን ዛሬን ይፈልጋል። «ወረቀት» የሚል ካጋጠማችሁ ከእሱ ጋር አይጨቃጨቁ፤ የሕክምና ክፍሉን ኃላፊ ይጥሩልኝ ይበሉ፣ ወይም የኤአርቲ (የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና) ክፍሉን በር ራስዎ ያንኳኩ። የመጀመሪያዋ ክኒን የምርመራ ውጤት እንኳን ሳይጠበቅ ልትሰጥ ትችላለች።

ክስ የመመሥረቱ ውሳኔ የልጅቷ ነው፤ በሩ እንዲከፈት ግን ማስረጃውን ማኖር ደግ ነው። ገላዋን ታጥባ ሊሆን ይችላል፣ እሱ አያስጨንቃችሁ፤ ቁስልና ጠባሳ አሁንም ይመዘገባል። ብልቷን በሳሙና፣ በሎሚ ወይም በሌላ ነገር ወደ ውስጥ እንዳታጥብ ግን ይንገሯት፤ ቫይረሱን አያወጣውም፣ ይልቁንም ሽፋኑን ያቆስላል። ቅዳሜ የለበሰችው ልብስ ካልታጠበ በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። በፌስታል አይሁን፣ ይሻግታል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሽማግሌ ልኮ «በካሳ እንጨርሰው» የሚል አይጠፋም። እኔ ሐኪም ነኝ፣ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ሽምግልናው የልጅቷን ቀን እየበላ፣ በዚያ መሐል 72 ሰዓት ያለፈበትን ጉዳይ አይቻለሁና ቢያንስ ከመጀመሪያዋ ክኒን በፊት ማንም ሽማግሌ እንዳይቀመጥ።

ወደ አወሳሰዱ። በቀን አንድ ጊዜ አንድ ክኒን፣ ለ28 ቀን፣ በየቀኑ በተቀራረበ ሰዓት። ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። የጨጓራ ሕመሟ መድኃኒቱን አይከለክላትም፤ ለጨጓራ የምትወስደው ነገር ግን ሊያበላሽባት ይችላል። ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ያለበት ነጩ የጨጓራ ሽሮፕ፣ እንዲሁም የሚታኘከው ክኒን፣ ዶሉቴግራቪርን ሆድ ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ስለዚህ ፔፑን ሽሮፑን ከመጠጣቷ 2 ሰዓት ቀድማ ወይም ከጠጣች 6 ሰዓት ቆይታ ትዋጠው። ኦሜፕራዞል ከሆነ ግን ችግር የለም። የብረትና የካልሲየም ክኒንም እንደ ሽሮፑ ነው፤ ልዩነቱ እነዚህን ከምግብ ጋር ከሆነ አብራ መዋጥ ትችላለች። ለሰውነቷ ሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። ዲክሎፌናክና መሰሎቹን ለቀናት መደጋገም ከቴኖፎቪር ጋር ኩላሊት ላይ ይከብዳል፣ ጨጓራዋም አይወደውም። የቲቢ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ ኩላሊቷ ታሞ የሚያውቅ ከሆነ ለባለሙያው ሳትደብቅ ትንገር። ሄፓታይተስ ቢም ይመረመርላት፤ ያ ካለባት መድኃኒቱ ሲቆም ጉበቷ ሊቆጣ ስለሚችል ክትትል ያስፈልጋታል።

ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት ሊኖር ይችላል። ድሮ በዚዶቩዲን ጊዜ ሰው የሚያቋርጠው በትውከት ነበር፣ የዛሬው በጣም ቀሎለታል። እንቅልፉን ግን ልብ ይበሉ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት ልጅ ሌሊት እየባነነች ትነሣለች፤ ያን ሁሉ «መድኃኒቱ ነው» ብላ ልታቆም ትችላለች። ማታ ሳይሆን ቀን ትውሰደው፣ ይህ ብቻውን ብዙ ይረዳል። ወዲያው ካስመለሳት ትድገመው። አንድ ቀን ከረሳች ባስታወሰች ጊዜ ትዋጥ እንጂ ሁለት ደርባ አትዋጥ። ሽፍታ ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ካየች ግን በራሷ ሳታቆም ዕለቱን ሐኪም ትይ።

አሁን ስለ ብልቃጡ፤ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። የሚሰጣት ክኒን ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በየቀኑ ከሚወስዱት ጋር አንድ ነው፤ ብልቃጡም ያው ነው። በጋራ ግቢ፣ በጋራ ክፍል ለምትኖር፣ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ቦርሳ ለምታስቀምጥ ልጅ ይህ ትልቅ ፍርሃት ነው። በአሥረኛው ቀን ላይ ያቆመችውን ብትጠይቋት ማቅለሽለሽ አልነበረም፤ «አንዷ ብልቃጡን አይታ ዞር ብላ አየችኝ» ትላለች። ከላይ ያለውን ልጥፍ ይላጡት፣ ክኒኖቹን ከነብልቃጡ ይተዉ፤ ውስጡ ያለችው እርጥበት መጣጯ ትቆይ። ሲንቀሳቀስ እንዳይንኳኳ ጥቂት ጥጥ ይጨምሩበት። እርስዎ ቤት ቢቀመጥና በየቀኑ ሰዓቱን እርስዎ ቢያስታውሷት ከሁሉ የተሻለ ነው፤ «ዋጥሽ?» እያሉ ጮክ ብለው ሳይሆን። በተቻለ መጠን 28ቱን ቀን ሙሉ አንዴ እንዲሰጧት ይጠይቁ። በየሳምንቱ ተመላለሺ ከተባለች ባጃጅ የማይሠራበት፣ መንገድ የሚዘጋበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ልጅቷም ያን በር ደጋግማ ማንኳኳት ይከብዳታል።

ጸበሉን በተመለከተ ከእናቷ ጋር መጣላት አያስፈልግም። ጸበልና መድኃኒት አብረው ይሄዳሉ፤ ነፍስ ኄር አቡነ ጳውሎስም በፓትርያርክነታቸው ዘመን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረው ነበር። ጥንቃቄው ሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛ፣ ጠዋት ብዙ ጸበል ጠጥታ የምታስመልስ ከሆነ ክኒኑን ያኔ አትዋጥ፤ ቀትር ላይ ወይም ከዚያ በኋላ፣ ከቀማመሰች ወዲያ ታድርገው። ጾም ላይ ብትሆንም ከመፍሰኪያ ሰዓት ጋር ማስማማት ነው። ሁለተኛ፣ «ጸበል የያዘ መድኃኒት አይነካም» የሚል አጥማቂ ከገጠማት ብልቃጡን አሳልፋ አትስጥ። ወደ ዘጌ ስትሻገር 28ቱን ክኒን ይዛ ትሻገር፣ በጀልባ ተመልሳ የምትወስደው እንዳይሆን።

ዛሬ ሆስፒታል ገብታችሁ ሳለ ፔፕ ብቻ ተቀብላችሁ አትውጡ። እርግዝና አለ። የድንገተኛ መከላከያው፣ ብዙ ሰው ፖስት ፒል የሚለው፣ በቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሠራው፤ ውጤቱ በየቀኑ ይቀንሳል፣ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ግን ይሰጣል። መዳብ ያለው በማሕፀን የሚቀመጠው ሉፕም እስከ 5 ቀን ያገለግላል፣ ከክኒኑ የበለጠ አስተማማኝ ነው። ሁለቱም ከፔፑ ጋር አይጋጩም። እርግዝና ከተከሰተ፣ በአስገድዶ መድፈር የመጣ እርግዝናን ማቋረጥ በዚያው ወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 የተፈቀደ ነው፤ የልጅቷ ቃል ይበቃል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም የፖሊስ ማስረጃ አይጠየቅም። ለጨብጥ፣ ለክላሚዲያና ለመሰሎቹ አስቀድሞ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ፣ ቁስል ካላት የቴታነስም እንዲሁ።

ቀጣዩ ምርመራ በ6ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በ3ኛው ወር ነው። የሦስተኛው ወር ውጤት ነጻ ከሆነ ያን ጊዜ «ነጻ ነሽ» የሚለው ቃል ትርጉም ይኖረዋል። እስከዚያ ጓደኛ ካላት ኮንዶም ይጠቀሙ፣ ደም አትለግስ። በመሐል ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታና የንፍፊት ማበጥ አንድ ላይ ከመጡ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትለፉት፣ ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ ትምጣ።

ይህን ሌሎችም ያነቡታልና አንድ ነገር ልጨምር። ወንዶች ልጆችም ይደፈራሉ። በየአውቶቡስ መናኸሪያው የሚያድሩ ልጆች፣ የሌላ ሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ ልጆች፤ ለእነሱ የመያዝ አደጋው ከፍ ያለ መሆኑን ከላይ ያለው ቁጥር ያሳያል፣ ሕክምና የሚመጡት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ለሕፃናት መድኃኒቱ በክብደታቸው ተለክቶ ይሰጣል። ጥቃቱ ተደጋግሞ የቆየ ከሆነ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመጨረሻው ጊዜ ነው። 72 ሰዓት ያለፈባችሁም ቢሆን ኑ፤ ፔፑ ቢቀር የእርግዝናው፣ የክትባቱ፣ የአባላዘሩና የምርመራው ነገር አለ።

ለእናቷ መንገሩን በተመለከተ፣ ልጅቷ 19 ዓመቷ ነው፣ የምትነገረው ወይም የማትነገረው እሷ ስትፈቅድ ነው። ሐኪሙም ያለ እሷ ፈቃድ ለቤተሰብ አይናገርም። ክፍል ስትገባ አብረዋት ይግቡ እንደሆነ እሷን ጠይቋት፤ ውጭ ጠብቂኝ ካለችዎትም አይከፋዎት። አይበሉ የምለው አንድ ነገር አለ፤ «ለምን መኪናው ውስጥ ገባሽ?» ይህን ዛሬም፣ በሳምንቱም፣ በዓመቱም አይጠይቋት። መድኃኒቱን የምታቋርጠው ጥፋተኛ የሆነች ሲመስላት ነው፤ «ይገባኛል» ብላ። የምክር አገልግሎት ሲሰጡ በፔፑ ቀጠሮ ቀን አብሮ እንዲሆንላት ይጠይቁ፣ ለብቻው ከሆነ አትሄድም። ምግብ ቤቱ ውስጥ ያ ሰው አሁንም የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ለጥቂት ሳምንት ፈረቃዋን ወደ ቀን እንዲቀይሩላት ወይም ፈቃድ እንዲሰጧት የሕክምና ወረቀት ይጻፍላታል፤ ምክንያቱን ሳይገልጹ «ዕረፍት ያስፈልጋታል» ብለው እንዲጽፉላት ዛሬውኑ ይጠይቁ።